ለሟች አባቴ ስለሚደርሰው የቀጠሮ ማስታወሻ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእርስዎ ጤና በስንተኛው ዓምድ እንደተመዘገበ ባላውቅም፣ በትክክለኛው ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትጋታችሁ ላመስግን። አባቴ ባለፈው ዓመት በሆስፒታላችሁ ተኝቶ ሳለ ዐረፈ። እናቴ ስልኩን እስካሁን ቻርጅ እያደረገች ከትራሷ አጠገብ ታኖረዋለች። አዲሱ አሠራራችሁ ከተጀመረ ወዲህ ስልኩ በየሰኞው ጠዋት ይጮኻል፦ «ውድ ታካሚያችን፣ የቀጠሮዎ ቀን አልፏል፤ እባክዎ በአስቸኳይ ይምጡ።» አለፈ የተባለው ቀን አባቴ የሞተበት ቀን ነው። እናቴ መጀመሪያ ስልኩን ደፍታ ታስቀምጠው ነበር። በኋላ ግን ጫማውን ወልውላ በር ላይ አኖረችው። «የሌለን ሰው እንዲህ ደጋግመው አይጠሩም» አለችኝ።

ሁለተኛ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎ ላሳየኝ ግልጽነት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ እንዳስረዳኝ፣ ወላጆቼ የተመዘገቡበት ቅርንጫፍ ክሊኒካችሁ በላከው ፋይል ላይ «የሞት ቀን» እና «የቀጠሮ ቀን» የሚሉት ዓምዶች ቦታ ተቀያይረዋል። ፋይሉን የሚያነበው ስክሪፕት የተባለ አጭር ፕሮግራም ደግሞ የዓምዱን ስም አይጠይቅም፤ አምስተኛው የሞት፣ ስድስተኛው የቀጠሮ ነው ብሎ ቆጥሮ ያልፋል። ዓምዱን በስሙ እንዲፈልግ፣ ካጣውም ሥራውን አቁሞ እንዲናገር ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለኝ፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር። ያንን ውብ ፊርማ እስካሁን ያየሁት ግን ኮሪደሩ ላይ «ታካሚ ክቡር ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ነው።

ሦስተኛው የእናቴ ጉዳይ ነው። እናቴም የልብ ታካሚያችሁ ናት። መድኃኒቷን ልትወስድ መስኮቱ ጋ ስትቀርብ፣ ሠራተኛዋ ስክሪኑን አየች፣ እሷን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች።

«እማማ፣ እዚህ ሞተዋል ነው የሚለው።»

«መቼ?» አለች እናቴ።

«የፊታችን ሐሙስ።»

መድኃኒቱን ሳይሆን ቀኑን ይዛ ተመለሰች። ከውጭ ፋርማሲ ገዝቼ ሳመጣላት «እስከ ሐሙስ የሚበቃኝ አለኝ» ብላ መለሰችልኝ።

ሐሙስ ከሥራ ቀርቼ አጠገቧ ዋልኩ። ፀጉሯን ተሠርታ፣ የአባቴን ስልክ ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን በሩን ስታይ ዋለች። ሲመሽ በሕይወት ነበረች። እኔ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ፤ እሷ ግን «እኔንም አለፈኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ እንክብሏን የምትውጠው በስንት ልመና ነው።

ሕያዋንን ከሙታን የምትለዩበትን ቀን በትዕግሥት የምጠባበቅ፣ በፋይላችሁ ውስጥ ገና ቀን ያልተቆረጠልኝ፣ ታላቅ አክብሮቴን የማቀርብልዎ፣

የሁለት ታካሚዎቻችሁ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ማስታወሻው ሲመጣ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ጽፋለች፦ «የትኛው ክፍል ነው ያለው? እኔም እመጣለሁ።» እባክዎ፣ እስከ ዛሬ ለእኔ ደብዳቤዎች እንዳደረጉት ሁሉ፣ ለእሷም መልስ አይስጧት።