ፍልሰታ ሲፈታ ምን ልል ነው?

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ

አራት ቀን ቀረኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ነው ሰሃን የምመልሰው?

እስካሁን ደህና ነበርኩ። «እጾማለሁ» ካልኩ ማንም አይነካኝም። እንዲያውም እማ ትኮራብኛለች። ዛሬ ለጎረቤታችን ለእትዬ አልማዝ «ልጄ እኮ ዘንድሮ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ነው የምትጾመው፤ ከዚያም የምትቀምሰው ለምኛት ነው» ስትል ሰማኋት። አፈርኩ። ለእሷ ብዬ እንዳልሆነ እመቤቴ ማርያም ራሷ ታውቃለች።

እትዬ አልማዝ ናቸው ደግሞ በፋሲካ ማግስት አገላብጠው ስመውኝ «እሰይ፣ ተመችቶሻል! ሞላ ብለሻል!» ያሉኝ። ሙገሳ መሆኑ ይገባኛል። ቆቦ ላይ ለሴት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል? እኔ ግን የዚያን ዕለት ራት አልበላሁም። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት።

ነሐሴ 13፣ ረቡዕ

የሶለል ዘፈን ተለማመድን። ቅዳሜ የልጃገረዶች በዓላችን ነው፤ እንደየዓመቱ በየቤቱ እየዞርን ልንጨፍር ነው። ስገባ ሁለት ልጆች ተሳሳቁ። ስለ እኔ ነው። ወይ ደግሞ አይደለም። ቤት እስክደርስ ሳሰላስል መጣሁ፤ ስለ ፊቴ ይሆን? ስለ አካሄዴ? ስለ አምናው ቪዲዮ?

አምና ስንጨፍር የሆነ ሰው ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ብዙው ሰው «የራያ ቆንጆዎች» ብሎ ጻፈ። አንዱ ግን «ከበሮ የያዘችዋ ሌላ ከበሮ ውጣለች እንዴ?» አለ። ከበሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላውን ሁሉ ረስቼዋለሁ፣ ይቺን ግን በቃሌ አውቃታለሁ።

ዘንድሮም ስልክ የማይዝ የለም።

ነሐሴ 14፣ ሐሙስ

የበዓል ቀሚሴን ይዤ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ ክረምት ክረምት አባቷ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች።

«ወገቡን አጥብቢልኝ» አልኳት።

ገልብጣ ስፌቱን አየች። ሰኔ ላይ አጥብባልኛለች፣ ሐምሌ ላይም።

«ወላሂ አልነካውም» አለች። «የኛ ጾም ማታ መግሪብ ሲል ይፈታል። የናንተም ከነገ ወዲያ ይፈታል። ያንቺ መቼ ነው የሚፈታው?»

«ምን አገባሽ!» ብያት ወጣሁ። መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። አገር ምድሩን ሸውጄ እሷን እንዴት አቃተኝ? ሹራብ ለብሼ ነበር እኮ። በቆቦ ሙቀት የሚበርደው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ነሐሴ 15፣ አርብ

ሹሩባ ተሠራሁ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ተጠምጥሞ ቀረ። ሠሪዋ አይታ ማበጠሪያውን ከጉልበቷ ሥር ደበቀችው። መደበቋ ባሰብኝ። ስመለስ ደክሞኝ መንገድ ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ።

እማ ዶሮ ገዝታ ጠበቀችኝ። «ልጄን በደንብ አስፈታታለሁ» ትላለች።

ብበላ የበላሁት ይታይብኛል። ባልበላ አለመብላቴ ይታወቅብኛል። የት ልግባ?

ነሐሴ 16፣ ቅዳሜ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ አልማዝም እኛ ጋ መጡ። ማዕዱ ቀረበ። እማ ጠቅልላ አነሳችና «በሞቴ!» አለች።

በእናት ሞት ተምሎ እንቢ አይባልም። እኔ ግን አፌ አልከፈት አለ።

እትዬ አልማዝ ሳቁ። «ተያት፣ መመንኮሷ ነው።» እማም ሳቀች። እንዴት እንደኮራች! ያ ሳቋ ነው ያላስቻለኝ።

«እማ፣ ጾም አይደለም» አልኩ።

«እ?»

«ለእመቤቴ አልነበረም። መብላት ያስፈራኛል።»

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። እትዬ አልማዝ «ዓይን ነው፣ ጸበል ውሰጃት» አሉ። እማ ወደ እኔ ዞረች። የሹራቤን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ክንዴን አየችው። እኔ የማየውን አይደለም ያየችው፤ ፊቷ ያስታውቅ ነበር።

ልጆቹ እየጨፈሩ ደጃችን መጡ። ስሜን ጠሩ። አልወጣሁም።

ነሐሴ 17፣ እሑድ

የእማ ዓይን አብጧል። ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። እትዬ አልማዝ ለሰፈሩ ሁሉ ሳይናገሩ አይቀሩም፤ ሳስበው ከቤት መውጣት ያስጠላኛል። እፎይም ብያለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ።

ዘይነባ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት ስል «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

ምሳ ላይ እማ አጠገቤ ተቀመጠች። ጠቅልላ አነሳች። «በሞ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ጉርሻውን መልሳ ከፊቴ አስቀመጠችው።

«አልምልብሽም። ስትችይ» አለች።

ወጡ ቀዘቀዘ። እሷም አልበላችም፣ አልተነሳችም፣ አላየችኝምም። ወደ ደጅ እያየች ተቀመጠች።

ጎረስኩት። አላምጬ እስክውጠው ድረስ አለቀስኩ። እማ ዞር ሳትል እጄን ያዘችኝ።

ራት ደግሞ አለ።