በእጅህ የጻፍከው ዓረፍተ ነገር

ሀና ማርያም፣ ኅዳር 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ ሮበሌ፣

የወንጂ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የማሽን ጥገናውስ አለቀ? እናትህን እማማ ገዲሴን ትናንት አግኝቻቸው ነበር፤ ደህና ናቸው። ለእሑድ ሦስት ሽማግሌ መርጠናል ብለው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። እሳቸው ሲስሙኝ እኔ በእፍረት የምገባበት ጠፋኝ። ሽማግሌዎችህ አባቴ ቤት ከመድረሳቸው በፊት ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ።

ስለ ዮላንዳ ነው።

አባትህ ጦር ሜዳ ሲወድቁ በዘጠኝ ዓመትህ ኩባ ተልከህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስትማር አብራህ ያደገች ልጅ እንደሆነች ነግረኸኛል። ‹‹እንደ እህቴ ናት›› ብለኸኛል። እህት! የኔ እህት ደብዳቤ ብትጽፍልኝ ኪሴ ውስጥ ይዤው ሳምንት አልዞርም።

ክፋቱ ደግሞ ደብዳቤዎቿ በኔ በኩል መምጣታቸው ነው። አንተ ፖስታ ሳጥን ስለሌለህ እኔ በምሠራበት ፋብሪካ ሳጥን ይላክልሃል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እኔ ስለሆንኩ ማክሰኞና ዓርብ ፖስታ የማመጣው እኔ ነኝ። ፖስታው ላይ ‹‹በተሾመች ገሠሠ በኩል›› ብላ ትጽፋለች፤ የስሜን ፊደል አንድ ቀን እንኳ አስተካክላ ጽፋው አታውቅም። እኔም የባላንጣዬን ደብዳቤ በገዛ ቦርሳዬ ይዤ፣ ታክሲ ተጋፍቼ፣ ከላፍቶ ወዲህ በእግሬ ኳትኜ አመጣልህ ነበር።

ስፓኒሽ አስተምረኝ ያልኩህ ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባህ አይቀርም። ‹‹የማዋራው ሰው ካጣሁ ይጠፋብኛል›› ስትል ያዘንኩልህ መስሎህ ነበር። ደብዳቤዋን ማንበብ ፈልጌ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በእናንተ ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን፣ አንተ በገጹ አናት አንድ መስመር ትጽፋለህ፤ እኔ ከሥሩ አሥር ጊዜ እገለብጣለሁ፤ አንተ እንደ ደንበኛ አስተማሪ ትፈርምበታለህ። አንድ ቅዳሜ ‹‹መመለስ›› የሚለውን ግሥ አስተማርከኝ። ቦልቤር ነው፤ ‹‹እንድትመለስ እፈልጋለሁ›› ሲባል ግን መሐሉ ይለወጥና ‹‹ኪዬሮ ኬ ቡዌልባስ›› ይሆናል አልከኝ። ‹‹መምጣቱ እርግጥ ላልሆነ፣ ለምትመኚው ነገር ነው›› አልክ።

ምሳሌውን ከየት እንዳመጣኸው ያወቅኩት በሳምንቱ ነው። ኮትህን አስይዘኸኝ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ደብዳቤዋን ከኪስህ አውጥቼ አየሁት። ያችኑ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራባታለች። ምንም ሳልቸገር ገባኝ። ተምሬ እንደዚያ ቀን ያዘንኩበት ጊዜ የለም።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስቤበት መጣሁ።

‹‹መሥሪያ ቤት አንድ ሰውዬ በደብዳቤ አስቸግሮኛል። ‘ዳግመኛ እንድትጽፍልኝ አልፈልግም’ እንዴት ነው የሚባለው?›› አልኩህ።

‹‹በስፓኒሽ ብትጽፊለት ምን ሊገባው?›› ብለህ ሳቅክ።

‹‹ለመለማመድ ነዋ! አንተ ደግሞ!››

‹‹ኖ ኪዬሮ ኬ ቡዌልባስ ኣ ኤስክሪቢርሜ›› ብለህ ጻፍክልኝ። ‹‹ያው ያለፈው ግሥ ነው፤ ‘ዳግመኛ’ ለማለትም ይሆናል›› ብለህ አስረዳኸኝ። ከዚያ ቀድመህ ፈርምልኝ፣ ቤት እጨርሰዋለሁ አልኩህ። ፈረምክ።

ከሥሩ አንድም መስመር አልገለበጥኩም። ሰኞ ገጹን ቆርጬ በአድራሻዋ ላክሁት። የእጅ ጽሑፍህን ታውቀዋለች፤ ፊርማህንም ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ‹‹ተሹ፣ ዛሬም የለም?›› ስትለኝ ‹‹የለም›› እልህ ነበር። እስከ መስከረም እውነቴን ነበር። መስከረም ላይ ግን አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። መዝገብ ቤት ከአሮጌ ፋይሎች ሥር ደበቅኩት። በወሩ ‹‹ረስታኛለች፤ በቃ›› አልክና እንድታገባኝ ጠየቅከኝ። በደስታ አለቀስኩ። ቤቴ ስገባ ግን ቅናቴ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል። የጠየቅከኝ እሷ ዝም ስላለች ነው ወይስ እኔን ብለህ? ይህን ሳላውቅ ብንጋባ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ዝም ባልክ ቁጥር ስለሷ ታስባለህ እያልኩ ስቃጠል ልኖር ነው።

ስለዚህ ደብዳቤዋን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አልከፈትኩትም። ያልከፈትኩት ግን ከጨዋነት አይደለም፤ በውስጡ ያለውን ማንበብ እንደምችል ስለማውቅ ፈርቼ ነው።

አንብበው። ከዚያ በኋላም እኔን ካልክ እሑድ ሽማግሌዎችህ ይምጡ። ቢቀሩም በደሉ የኔ እንጂ ያንተ እንዳልሆነ ዛሬ ጠዋት ለአባቴ ነግሬዋለሁ። ተቆጥቶ ምሳውን እንኳ አልበላም።

አንተን ይቅርታ እለምንሃለሁ። እሷን ለመለመን ግን አንጀቴ እምቢ ብሏል፤ አልዋሽህም። የምትጽፍላት መልስ ካለህም በኔ በኩል አትላከው። አሁንም ራሴን አላምነውም።

ያንተዋ
ተሾመች