የጋሽ ወናፍ ዕረፍትና የአንድ ፎቶግራፍ ነገር

የፎቶግራፍ አንሺዎችና የካሜራ ጠጋኞች ማኅበር፣ ሁላችንም «ጋሽ ወናፍ» የምንላቸው አንጋፋው የታጣፊ ካሜራ ጠጋኝ ባለፈው ማክሰኞ በሰባ አራት ዓመታቸው አርፈው ሐሙስ መቀበራቸውን የሚያስታውቀው በመሪር ሐዘን ነው። ከሐዘናችን ጋር ኀፍረትም አለብን፤ አንደብቀውም። ታላቅ እህታቸው ለቀብሩ አንድ ፎቶግራፋቸውን ቢጠይቁን፣ ካሜራ ከሞላው ቤታቸው አንድም አልተገኘም።

በ1972 ዓ.ም. ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት የጥገና ክፍላቸውን ከፈቱ። በሰፊ ፊልም የሚሠሩትን አሮጌ ታጣፊ ካሜራዎች ማንም ዕቃ ብሎ በማይቆጥርበት ጊዜ፣ ወናፉን፣ ማለትም ከሌንሱ ኋላ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈውን ቆዳ፣ በእጃቸው እየቆረጡና እያጣበቁ ነፍስ ዘሩባቸው። መብራት አጥፍተው፣ በወናፉ ውስጥ አምፖል አብርተው፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን እስክትጠፋ ይደፍኑ ነበር። ክፍላቸው ውስጥ ለእንግዳ አንድ ወንበር ነበረች። የምንቀመጥባት ካሜራችን ሲበላሽ ብቻ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ለአባላት ሥልጠና ሰጡ። ሰባት ሆነን ጀመርን፤ አንዳችንም አልጨረስንም። ሙያ በልብ ነው ቢሉንም የእኛ ልብ ምሳ ላይ ነበር።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅበሩን ዓመታዊ የጋራ ፎቶግራፍ በገዛ ካሜራቸው አነሱ። «እርስዎም ይግቡ እንጂ» እንላቸው ነበር፤ ከአንገት በላይ መሆኑ ስለገባቸው አልገቡም። እኛ ወደ ግብዣው ስንሄድ እሳቸው ካሜራቸውን አጥፈው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ሊቀ መንበራችን የጋሽ ወናፍን ካሜራ ተቀብለው አንድ ጊዜ እሳቸውን አነሱ። ታጣፊ ካሜራ ፊልሙ ሳይጠቀለል ደግመው ቢያነሱበት አይከለክልም፤ ሊቀ መንበሩ ሳይጠቀልሉ መለሱላቸው፣ እሳቸውም ተጠቅልሏል ብለው በዚያው ላይ እኛን አነሱን። ፎቶው ሲታጠብ የእሳቸው ፊትና የእኛ የሠላሳ ስምንታችን ፊት ተደራርቦ ወጣ። «ይሁን፣ ዘንድሮስ ገባሁ» አሉ። ሳቅን። እንደገና እናንሳዎት ያለ ግን አልነበረም።

ያለን ፎቶግራፍ ያው ብቻ ስለሆነ ለእህታቸው ወሰድንላቸው። ዐይተው «እናንተን አውጡና ወንድሜን ስጡኝ» አሉን። አንድ ፊልም ላይ የተደራረበ አይነጣጠልም።

ማኅበሩ ለታላቅ እህታቸውና ለሙያ ጓደኞቻቸው መጽናናትን ይመኛል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። ሐሙስ ዕለት ሣጥናቸው ላይ የተቀመጠው ያ ፎቶግራፍ ነው፤ ፊታቸው ላይ እኛ ተሰልፈን እየሳቅን።