በክፍል አንድ ሞታ በክፍል ሁለት ስለተገኘችው ልጅ

ለተከበሩ የከተማችን የፊልም መርማሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሆሳዕና
መጋቢት 1981 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከሁሉ አስቀድሞ ዓይንዎን አምላክ ይጠብቅልን፤ እኛ ልናየው የማይገባንን ሁሉ በእኛ ፈንታ የሚያይልን ዓይንዎ ነውና።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ የቪዲዮ ፊልም ሲታይ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ እንግሊዝኛውን በአማርኛና በሀዲይኛ የማስረዳው መምህር ተገኘ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ካለፈው ወር ወዲህ ፍርሃትም ሐዘንም አይሰማኝም፤ ደንዝዣለሁ። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ በየክፍሉ ወጣቶችን በቢላዋ የሚያሳድድበትን ተከታታይ ፊልም እንድናይ ስለፈቀዱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። በክፍል አንድ መጨረሻ ልጅቷ በመስኮት ዘላ የምታመልጥበትን ቦታ በመቀስ ማስቆረጥዎንም በአክብሮት ተቀብለናል። የውትድርና ምልመላ በተጧጧፈበት ወር ሰው በመስኮት ሲሸሽ ማሳየት ለወጣቱ እንደማይበጅ፣ ቢላዋውና ደሙ ግን እንደማይጎዳው ኋላ ተነግሮናል። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበርና ቢላዋው ከፍ ብሎ ሥዕሉ ድንገት ሲጠፋ፣ «ሞተች» ብዬ ለሕዝቡ አስረዳሁ። እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

2ኛ. የጎረቤታችን የአንጋጫ ከተማ ኮሚቴ ከእርስዎ ጋር ሳይመካከር መቀስ ማንሳቱ ያሳዝናል። እነርሱ ደሙን ቆርጠው መስኮቱን ስለተዉት፣ ልጅቷ ሆሳዕና ላይ ሞታ አንጋጫ ላይ ተረፈች። የዶዮገናው ኮሚቴ ደግሞ ከሁሉ ተግቶ ስለሠራ፣ እዚያ የታየው ፊልም ወጣቶች ሐይቅ ዳር ሽርሽር ሄደው በሰላም ሲመለሱ ብቻ ነው አሉ። የሆሳዕናና የአንጋጫ ነጋዴዎች ጃጁራ ገበያ ላይ ተገናኝተው «ሞታለች»፣ «የለም፣ ተርፋለች» ሲባባሉ የአንዷ ቅቤ አፈር ላይ ተደፋ። ለምስክርነት የተጠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ስትሞት በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ማልኩ።

3ኛ. ክፍል ሁለት መጣና ልጅቷ ገና ሲጀምር ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ ብቅ አለች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ያለኝ ጊዜ አጭር ስለነበር እህቷ ናት አልኩ። ወዲያው በፊልሙ ውስጥ እናትየው በዚያው በሟቿ ስም ጠራቻት።

4ኛ. ይኸኛው ቅሬታ ይረዝማልና ይታገሡኝ። በሰፈራችን መርዶ ሲነገር ከሽማግሌዎች ጋር ሄጄ ቃሉን የምናገረው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ከሰሜን ግንባር አንድ ወረቀት፣ ከግንባር የሚመጣ ደብዳቤንም በሚመረምረው ኮሚቴዎ በኩል አልፎ ደረሰን። እኔው ፊደል ያስቆጠርኩት የወይዘሮ ዓለሚቱ ልጅ ጠና፣ ለብሔራዊ ውትድርና በሄደ በስምንተኛ ወሩ መሞቱን ይናገራል። ከዚያ በታች ያሉት ሁለት መስመሮች በጥቁር ቀለም ተሸፍነዋል። ይህም የኮሚቴዎ ትጋት መሆኑን አልጠራጠርም።

በማለዳ ሄደን ነገርናቸው። ወይዘሮ ዓለሚቱ አላለቀሱም። ማንበብ ባይችሉም ወረቀቱን ተቀብለው ጥቁሩን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱና፣ «መምህር፣ ያቺንም ልጅ ሞተች ብለኸን ነበር። ለካስ ያመለጠችው እነሱ የቆረጡት ቦታ ላይ ነው። የእኔም ልጅ ያመለጠው እዚህ ጋ ነው» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

እስከዛሬ ድንኳን አልተተከለም። ለቀስተኛ ሲመጣ ከደጅ ይመልሱታል፤ የልጁን መኝታ በየቀኑ ያነጥፋሉ። ጎረቤት አብዳለች ይላል። እኔ ግን ከእርሳቸው ይልቅ በትክክል ያሰበ ሰው በከተማው አላየሁም። ጠናን እወደው ነበር፤ እናቱ ሳያለቅሱ ግን ላለቅስለት አልችልም፣ ቢፈቀድልኝም እንባው የሚመጣ አይመስለኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ ይጠሩኝና ወረቀቱን ያስነብቡኛል።

ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ የፊልሙን ነገር ትቼዋለሁ፤ የሚቀሩትን ክፍሎች እንደ ፈቃድዎ ይቁረጧቸው። የምለምነው ከጥቁሩ ቀለም በታች ምን ተጽፎ እንደነበር እንዲነግሩን ብቻ ነው። የተቀበረበት ቦታ ከሆነ የቦታውን ስም፣ አሟሟቱ ከሆነም አሟሟቱን። የሚነግራቸውም ሌላ ሰው ይሁን፤ የእኔ ቃል በዚያ ቤት ዋጋ የለውም።

ለመቀስዎ ስለትን፣ ለቀለምዎ አለመድረቅን፣ ለቤተሰብዎም ሙሉና ያልተቆረጠ ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ተገኘ፣ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ወረቀቱን ሳነብላቸው እንደ ልማዴ ጥቁሩ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። «እዚያ ያለውንም አንብብልኝ» አሉኝ። «ቆስሎ ነበር፣ ድኗል፣ ለክረምት ይመጣል» ብዬ አነበብኩላቸው። አቅፈው ሳሙኝ። ክረምት ሦስት ወር ነው የቀረው፤ ከዚያ በፊት እውነተኛዎቹን ሁለት መስመሮች ቢልኩልን ደግነትዎን አንረሳም።