ማንኛውም ካርድ በማንኛውም ማሽን፦ የ«እትዬ ካርድ» የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እኅታችን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ካርድ» የሚሏቸው፣ ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከስልክ ማዞሪያ ሠራተኛዋ እናታቸው ጥቅምት 12 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነበረች። አንደኛዋ የአባታቸው ሱቅ ስለነበረች ስድስት ልጆች በቀረችው ተጣበው አደጉ። የመጨረሻው ልጅ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ነው። አድልቷል የሚል ካለ፣ አዎ፣ አድልቷል።

በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እናታቸው መሥሪያ ቤት ጎራ ይሉ ነበር። እናታቸው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ ሲሰኩ፣ በሁለት ዳርቻ ያሉ ሰዎች ወዲያው ሲነጋገሩ እያዩ ይደነቁ ነበር። ሙያውን ከዚያ ወረሱ ብንል ማጋነን አይሆንም። አባታቸው ግን «ጭንቅላቷ የእኔ ነው» እንዳሉ ነው ያለፉት።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው፣ በ1975 ዓ.ም. በሒሳብ ትምህርት በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በዓመቱ በአንድ ባንክ በደንበኞች መስኮት ጸሐፊነት ተቀጠሩ። ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚያው መስኮት ነው። የጂኦግራፊ መምህር የሆኑት እኚህ ሰው፣ ቤታቸው ከባንኩ ጀርባ ሆኖ ሳለ «መንገድ ጠፋኝ» እያሉ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ መጥተው አቅጣጫ ጠይቀዋቸዋል። በ1979 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። በመካከሉ እኅታችን ወደ ባንኩ የኮምፒውተር ክፍል ተዛውረው፣ በማታ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ጨረሱ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ የክፍያ ካርድ ሲመጣ ባንኮቹ በሦስት ተቧድነው የየራሳቸውን የካርድ ኔትወርክ አቋቋሙ። የአንዱ ካርድ በሌላው ማሽን አይሠራም። በአንድ ግድግዳ ላይ ሦስት ኤቲኤሞች ተደርድረው፣ በአንዱ ፊት ሠላሳ ሰው ፀሐይ ሲመታው ሁለቱ ባዶአቸውን ይውላሉ። እኅታችን ይህን ባዩ ቁጥር ደማቸው ይፈላ ነበር። «ገንዘቡ የራሱ፣ ማሽኑ አፍንጫው ሥር፣ ታዲያ ምን በወጣው ነው የሚንገላታው?» ይሉ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ሦስቱ ኔትወርኮች የጋራ ማገናኛ ማዕከል ሲያቋቁሙ፣ የቴክኒክ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሥራቸው ሦስቱን የሚያግባባ ደንብ መጻፍ ነበር። ማሽኖቹ የሚላላኩት መልእክት ከየት ይጀምራል፣ ምን ይቀድማል፣ ምን ይከተላል፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ በእጃቸው ጻፉ። የሦስቱ ባለሙያዎች ሲገናኙ ክርክሩ ጣሪያ ይነካ ነበር፤ ሁሉም «የኛው ይሻላል» ባይ ነው። እኅታችን የአንዱን ባለሙያ ሌላው ቢሮ ወስደው ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡታል። ሲመለስ ድምፁን ቀንሶ ይመለሳል። ራሳቸው ደግሞ በመነጽር ማኅደራቸው ውስጥ የአሥራ አንድ ባንክ ካርድ ይዘው ያገኙትን ማሽን ሁሉ ይሞክሩ ነበርና፣ «እትዬ ካርድ» የሚለውን ስም አተረፉ።

ሥራው በሚያዝያ ወር 2004 ዓ.ም. እንዲመረቅ ቀን ተቆረጠ። የጥሪ ካርዱ ተበትኗል፤ የሁለት ወሩ ሙከራ ያለ እንከን አልፏል። እኅታችንም ከምረቃው በኋላ የማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ እንደሚሆኑ ተነግሯቸዋል። የቀረው የእርሳቸው ፊርማ ብቻ ነበር።

አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ እንደ ልማዳቸው ለሙከራ ከተገናኙት ማሽኖች አንዱን በሌላ ባንክ ካርድ ሞከሩ። ማሽኑ አንገራገረና ገንዘብ ሳይሰጥ ቀረ። ይህ ያጋጥማል፤ እንዲህ ሲሆን ከሒሳብ የተቀነሰው ወዲያው ተመላሽ መሆን አለበት። ግን አልተመለሰም። ሌላ ማሽን ላይ ሆን ብለው አቋርጠው ሞከሩት፤ አሁንም አልተመለሰም። ከምሳ በኋላ ደገሙት፤ ተመለሰ! ጉድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ከወረቀቱ ላይ ሳይነሡ ምክንያቱን ደረሱበት።

እያንዳንዱ ክፍያ በየቀኑ ከአንድ የሚጀምር ባለ ስድስት አኃዝ ተራ ቁጥር አለው። ጠዋት ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ከፊቱ ዜሮዎች ይደረደራሉ። አንደኛው ኔትወርክ እነዚያን ዜሮዎች እንደ ትርፍ ቆጥሮ ይጥላቸዋል፤ ስለዚህ «መልስ» የሚለው መልእክት የትኛውን ክፍያ እንደሚመልስ ያጣዋል። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ስለሚያድግ ዜሮ የለም፤ ችግርም የለም። ሙከራው ደግሞ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነበር የሚደረገው፤ ባንኮቹ ጠዋት ሥራ ይበዛብናል ብለው ባለሙያዎቻቸውን አይለቁማ! በሁለት ወር ሙከራ ውስጥ አንድም ጠዋት አልነበረም።

በቦርዱ ስብሰባ ላይ ጣት ሁሉ የተቀሰረው በዚያ ኔትወርክ ባለሙያ፣ «ዝምተኛው» በሚባሉት ወጣት መሐንዲስ ላይ ነበር። እኅታችን ተነሥተው «ዜሮዎቹ ይጠበቁ የሚል ቃል ደንቡ ውስጥ የለም። ገጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱም የእኔ ነው» አሉ። ሰብሳቢው «ከምረቃው በኋላ ይስተካከላል፤ ለመሆኑ ስንት ሰው ላይ ይደርሳል?» ቢሏቸው፣ «አንድ ሰው ላይ ይበቃል። ያ ሰው ጠዋት መድኃኒት ሊገዛ የወጣ ቢሆንስ? አልፈርምም» ብለው ተቀመጡ።

ምረቃው ሰባት ሳምንት ተገፋ። የተባለው ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እርሳቸውም ከኃላፊነት ወርደው ተራ ባለሙያ ሆኑ። ከፍቷቸው ነበር፤ አልከፋቸውም ብለን አንዋሽም። ቤት ገብተው ሲነግሯቸው ባለቤታቸው «ደግ አደረግሽ» ብለው እራት ሊሠሩ ተነሡ። በማግሥቱ እኅታችን ከሁሉ ቀድመው ቢሮ ተገኙ፤ ሙከራውንም ማሽኖቹ ከሚከፈቱባት ደቂቃ ጀምሮ እንደ አዲስ አስጀመሩት። ሰኔ 6 ቀን ሥራው ሲመረቅ ሹማምንቱ መድረክ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እርሳቸው የመነጽር ማኅደራቸውን ይዘው ኤቲኤሙ ፊት ተሰልፈዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ በመካከል ተቋርጦ ሳይመለስ የቀረ የአንድ ሰው ገንዘብ የለም። ዝምተኛው ዛሬ የማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ የእኅታችንን አስከሬን ከተሸከሙትም አንዱ እርሳቸው ናቸው። «ያን ዕለት አፌን ብከፍት አለቅስ ነበር» ብለውናል።

እኅታችን በ2013 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ባደረባቸው የጉበት ሕመም ለስምንት ወራት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አምስት እኅት ወንድሞቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ባረፉ በሰዓቱ ለቀብሩ ገንዘብ እንዲያወጣ የተላከው ይኸው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ቅርብ ያገኘው ኤቲኤም የሌላ ባንክ ነው። ካርዱን አስገባ፤ ማሽኑ የማን ነህ ሳይለው ቆጥሮ ሰጠው። ገንዘቡን እንደያዘ እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ከኋላው የተሰለፉ አንዲት እናት ደንግጠው «ምነው ልጄ፣ እምቢ አለህ እንዴ?» አሉት። «ኧረ ሰጥቶኛል፤ እኅቴ ናት የሰጠችኝ» አላቸው። እናትዬዋም ገንዘቡን የላከችለት መስሏቸው «ዕድሜዋን ያርዝምልህ» ብለው መረቁት፤ እርሱም «አሜን» አለ።

ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።