ራኬብ የሣለቻቸው ቀለበቶች

ለማከብርዎ ለጋሽ አሰፋ፤

የደብረ ማርቆስ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኛ ኮልፌዎች ከናፍቆትዎ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ልጃችን ራኬብ ሰማይ ሰማይ ማለት ጀምራለች። «ቀለበት ያለው ሳተርን ብቻ መሰላችሁ?» ብላ ዩራኑስ የሚባለውን ሩቅ ግዙፍ ፕላኔት ካርቶን ላይ ሥላ ሳሎን ሰቀለችው። ቀለበቶቹ ቀጫጭን ናቸውና በእርሳስ ነው ያሰመረቻቸው። ወንድምዎ ታዲዮስ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሞ አየና፣ «ጎበዝ! ቀለበቱን ግን ረሳሽው» አላት።

«አባዬ ደግሞ፣ ቀልድህ!» ብላ ሳቀች። እሱም ዘግይቶ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሚኒባሱን ይዞ ሲወጣ ጋቢና አጠገቡ ተቀምጬ እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር እሸኘዋለሁ። እኔ መቼ ወሬ ይጠፋኛል! «ውይ፣ እቺ ሴትዮ ከነልጇ ልትሻገር ነው» እላለሁ፤ ያኔ ፍሬን ይይዛል። ትናንት «ዛሬስ ቤትሽ ዋዪ!» ብሎ ተቆጣኝ። የሚኒባሱን ቁልፍ በርበሬ ዕቃው ስር ደብቄ፣ አብሬው ስፈልግ አረፈድን።

ጋሼ፣ እኔን ባይሰማም እርስዎን እንቢ ብሎ አያውቅም። ጥምቀትን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ይምጡልን። መናኸሪያ ሲደርሱ ታዲዮስ መጥቶ እንዲወስድዎ እንዳይደውሉለት፤ እኔው በአውቶቡስ መጥቼ እቀበልዎታለሁ።

እትዬ ወለተጻድቅን አገላብጠው ይሳሙልኝ። በሰላም ያገናኘን።

ከወንድምዎ ጎን የማትጠፋው እህትዎ፣
እፀገነት