ወግዲ ሲሉት የሚሸሸው ውሻዬ

ማክሰኞ

እስከ ዓርብ አይገድሉትም! ሦስት ቀን አስፈቀድኩለት፣ ለዚያውም የቀበሌው ስብሰባ መሀል ቆሜ! ሊቀመንበሩ «ባለቤቱን የማይሰማ ውሻ ሁሉ መርዝ ይበላል» ሲል እጄን አወጣሁ። «የእኔ ይሰማል» አልኩ። ውሸቴን ነው። «እንግዲያው ዓርብ እዚሁ ሜዳ ላይ ይጥሩትና እናያለን» አለኝ። ከኋላዬ አንዱ «በዚህ ረሃብ ለውሻ!» ብሎ አጉረመረመ። የምሰጠው ከራሴ ቂጣ ቆርሼ ነው፤ የሚጎድለው የእኔ ሆድ ነው፤ ማንን ምን አገባው?

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። ውሻው ረሃብ ያፈናቀላቸውን ሰዎች ተከትሎ ነው ከወግዲ የመጣው፤ ጌታው መንገድ ላይ ቀርቷል። ለዚህ ነው ወግዲ ያልኩት። ዛሬ «ወግዲ! ና!» ስለው ጅራቱን ወሽቆ ወደ ኋላ። ጮክ ስል ጭራሽ አጥር ዘሎ እብስ። አባበልኩ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ የውሻ ቋንቋ ግን ማንም አላስተማረኝ!

ሐሙስ

ጎረቤቴ እትዬ ሰዓዳ በአጥር አይተውኝ በሳቅ ሞቱ። «አንቺ፣ ወላሂ ጤነኛ አይደለሽም! ውሻውን ወግድ እያልሽ ና ትይዋለሽ?»

ክው አልኩ። ለካ ሰው ሁሉ በድንጋይ ሲያባርረው የኖረው በዚያች ቃል ነው!

«ቂጣ ስትሰጪውስ ምን ትይዋለሽ?» አሉኝ። አሰብኩ። ስለሚንቀጠቀጥብኝ «አብሽር፣ አይዞህ» ነው የምለው። ራቅ ብዬ ቀስ አድርጌ «አብሽር» አልኩ። ጆሮው ቆመ። መጣ! እግሬ ሥር ቁጭ! ሃያ ጊዜ ጠራሁት፣ አሥራ ስምንቱን መጣ። ሁለቱን የቀረው ድመት አይቶ ነው።

ዓርብ

ሜዳው ጢም ብሏል። ሊቀመንበሩ የሚገደሉትን ውሾች ዝርዝር ገልጦ ራሱ ጠራው፦ «ወግዲ!» ውሻዬ ወደ ኋላው ፈረጠጠ። ሰው ሳቀ።

«ይኸው እትዬ በላይነሽ!» አለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወግድ አሉት፣ ወገደ። ከዚህ በላይ እንዴት ይስማዎት?»

ወደ ውሻዬ ዞርኩ። «አብሽር!» አልኩ። ቆመ። አየኝ። ከዚያ በሰው እግር መሀል እየተሹለከለከ መጥቶ እጄን ላሰኝ! እልል ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሊቀመንበሩ ሳያየኝ ስሙን ሰረዘው።

ለቀሩት ውሾች እስከሚመጣው ሳምንት ቀን ተሰጥቷቸዋል፤ አራት ሴቶች «የእኛንም አስተምሪልን» ብለውኛል። ይተርፉ ይሆን? እንጃ። እኔ ግን ለሁሉም ተናግሬያለሁ፦ ድግስ የለኝም፤ ቆሎ ያለው እፍኙን፣ የሌለው ባዶ እጁን፣ ውሻ ያለው ውሻውን ይዞ እኔ ግቢ ይምጣ። ሊቀመንበሩም ቢሆን ይምጣ! ማንም እንዳይቀር፣ እሑድ ከቀትር በኋላ።